ሰዓት የማትይዘው ቦርድ

የመጀመሪያ ቀን ማዳም ሂሩት መጥረጊያ ሰጡኝ። ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቃቸው ወለል ላይ የወደቀ ብሎን ስለቅም ዋልኩ። ከመኪና ረዳትነት የመጣ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሌላ ምን ይሰጡታል? ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ላቲኑን ከዚያ በኋላ። "ተምረህ ልትሾም ነው?" እያሉ የሳቁብኝን እስካሁን በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

ከመጥረጊያ ወደ ብየዳ አደግሁ። ከዚያ ከከተማው ወጣ ካለው ከፔካ 12 ሰፈር ሥራ መጣ።

እዚያ የጭነት መኪና ሚዛን ያላቸው ሰውዬ፣ ክብደቱን የምታነበው ትንሽ ኮምፒውተር ሞተችባቸው። ፋብሪካው ሞዴሏን ትቶታል። የሱቁ ኢንጂነር ኢድሪስ በምትኳ መዳፍ የምታህል የኮምፒውተር ቦርድ አምጥቶ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና መረጠላት። ኮዱን የሱቁ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል አድርገን፣ ማለትም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ ቀይረን፣ ስንጭንባት አልነሳ አለ። ስለዚህ እዚያችው ቦርድ ላይ ኮምፓይል ልናደርገው ሆነ። ሁለት ቀን ይፈጃል። እንዳትግል ቬንትሌተር ፊት አስቀመጥናትና ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ።

ሰውዬው ከሐሙስ በላይ አልጠብቅም ብለዋል። ማዳም ደግሞ ለእኔ፣ "ይሄ ከከሸፈ ወደ ብየዳህ ትመለሳለህ" አሉኝ።

ኮምፓይሉ አለቀ፣ ቦርዷ ተነሳች፣ ክብደቱ ግን ዜሮ። በመሃል መብራት ሄዶ መጣ። ኢድሪስ የሚዛኑን መስመር የሚያነበውን ፋይል አርሞ እንደገና ኮምፓይል አደረገ። ዜሮ። ሦስት ጊዜ አረመ፣ ሦስቴም ዜሮ። የተሳሳተ ፋይል ገልብጠህ ነው ብሎ በእኔ ላይ ጮኸ።

ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ላይ የወጣውን ሁሉ በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ቶሎ ማንበብ አልችልም።

"ዳዊት እየደገምክ ነው እንዴ አንተ ሰውዬ?" አለኝ ኢድሪስ።

መጨረሻው ላይ ሁላችንም የዘለልነው ማስጠንቀቂያ ነበር። የማላውቀውን ቃል በስልኬ ተረጎምኩ። ፋይሎቹ ከዛሬ በኋላ የተሠሩ ይመስላሉ፣ ሥራው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል ይላል። ቦርዷ የሰዓት ባትሪ የላትም፤ መብራት ሲሄድ ሰዓቷ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኮምፓይሉ ደግሞ የተለወጠውን ፋይል የሚለየው ፋይሉ በተጻፈበት ሰዓት ነው። የኢድሪስን እርማት አሮጌ ነው ብሎ እየዘለለው ነበር።

መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቷን መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። ረስቻለሁ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሄጄ ለማዳም ነገርኳቸው።

"አሁንስ ሞልተኸዋል?"

"ሞልቻለሁ።"

"እንግዲያው ምን ትገተራለህ? ጀምር።"

የተሠራውን አጥፍተን ከዜሮ ጀመርን። ረቡዕ ከሰዓት ፔካ 12 አንድ ከባድ መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ቁጥሩ መጣ። ኢድሪስ ይቅርታ አላለኝም። በማግስቱ ግን ሌላ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ስክሪኑን ከእኔ በፊት አንብበው አለኝ። ወደ ብየዳ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

ለጀማሪዎች የምለው ይሄን ነው። መብራት ከተመለሰ መጀመሪያ ሰዓቱን ሙሉ። ስህተቱ የእናንተ ከሆነ በዕለቱ ተናገሩ፤ እኔ ሰኞ ባልናገር ሥራው ለሐሙስ አይደርስም ነበር።