የአዴ አያንቱ አንጮቴና የኔ እግር

ከመንደራችን የወጣሁት መስቀል አልፎ የክትፎው ጣባ ገና ሳይታጠብ ነው። በመሄጃዬ ዋዜማ ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ፣ እኛ አዶት ነው የምንላት፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ደፋችልኝ። ቅቤው በጆሮዬ እየወረደ፣ እኔ እንባዬን በቅቤው እያሳበብኩ፣ እሷ መረቀችኝ። «የትም ግባ፣ የትም ውጣ። ለመስቀል ግን እዚህ ደጅ ላይ ቁም» አለችኝ። ሌላ ቃል አላስተነፈሰችኝም። በማግስቱ አጎቴ ወደ ነቀምቴ ይዞኝ ሄደ። አጎቴ በዚያን ጊዜ እዚያ ሱቅ ነበረው።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ነቀምቴ ሩቅ አይደለም ትሉ ይሆናል። ከእምድብር ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አምቦ፣ ባኮ፣ ሲሬ እያላችሁ ቁጠሩት እስቲ። ባኮ ስንደርስ ሙቀቱ አናቴ ላይ የቀረውን ቅቤ እንደገና አቀለጠው። አብሮኝ የተቀመጠው ሰውዬ ሸሚዙን እያየ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሲሬ ላይ አጎቴ የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝና «ከዚህ በኋላ ቆጮ የለም፣ ልመድ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የመሰደዴ ነገር እውነት የመሰለኝ።

ነቀምቴ እንደገባን ጨለለቂ ቀበሌ ወሰደኝ። የቀበሌው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«መሸኛህስ?»

«አዶት ቅቤ ቀብታ ሸኝታኛለች።»

«ወረቀት ነው የምልህ!»

«ወረቀትማ የለኝም። ቅቤው ግን ይኸው እስካሁን አለ» አልኩት፣ አንገቴን እያሳየሁ። አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ። ሰውዬው ግን ሳቀ፤ ሲስቅ አብሮ ልቡም ራራና ለሌላ ቀን ቀጠረን።

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? ተጫንኩ፣ ተለጎምኩ፣ ሱቅ ጠረግኩ፣ ኦሮምኛ ለመድኩ። አጎቴ አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የዚህን አገር ሰው ሰላምታ ግን እስካሁን አልቻልኩትም። እኛ ዘንድ ሰላምታው አጭር ነው፤ ሰውም ገበያውም ይቸኩላል። እዚህ ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው አዳሬን፣ ጤናዬን፣ ዘመዶቼን፣ ከብቶቼን አንድ በአንድ ይጠይቀኛል። ከብት የለኝም። ከብት የለኝም ብለው ደግሞ አዝኖ ሌላ ሰላምታ ይጨምርልኛል።

ቤት የተከራየሁት ከአዴ አያንቱ ነው። አዴ ማለት በዚህ አገር እመት እንደማለት ነው። ባላቸው የሞቱ፣ ልጆቻቸው ተድረው የሄዱ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሴትዮ ናቸው። ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት ልይ ብዬ ስሄድ በር ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«ልጅ?»

«ከየት መጥቶ፣ አዴ?»

«ታዲያ ሁለቱን ክፍል ለማን ነው? አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለጥላህ?» አሉኝ። አገርህ የት ነው ቢሉት ገና ሚስት አላገባሁም አለ የሚባለው በኔ የተተረተ ነው መሰለኝ። ቀጥለው ወደ ጓሮው ወሰዱኝ። «ይኼንን ግን ትቆፍራለህ። ጓሮ ሥራ ሲፈታ አልወድም። የፈለግከውን ትከል።» እኔም እንሰት እንደምተክል ቃል ገባሁ። እንሰት በሌለበት ቤት ማደር ለኛ ሰው ግድግዳ በሌለበት ቤት ማደር ነው።

ከዚያ እግሬ መጣ። አንድ ክረምት፣ ምንም ሳያደናቅፈኝ ሳይመታኝ፣ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቀልቶ አበጠ። አንሶላ ሲነካው እጮህ ነበር። ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ደሜን አስመርምሮ ሪህ ነው አለኝ።

«ሥጋ ትበላለህ?»

«ዶክተር፣ ጉራጌ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«መልሱ ግን እሱ ነው።»

እየሳቀ ነው የፈረደብኝ። ክትፎ የለም፣ ጠላና ቢራ የለም፣ ውሃ በብዛት፣ ክኒን በየቀኑ። እስከ መቼ ብለው «እስከ መቼ መኖር ትፈልጋለህ?» አለኝ። ለመስቀል ብቻ ይፈቀድልኝ ብዬ ለመንኩት። ሪህ በዓል አያውቅም አለ።

ከበሽታው ጋር መኖር ይለመዳል፣ እውነቴን ነው። ሱቅ ውስጥ እግሬን የሳሙና ካርቶን ላይ ሰቅዬ እሸጣለሁ። የግራውን ጫማ ደህና አድርጌ አደርጋለሁ፣ የቀኙን አፍንጫውን በምላጭ ቀድጄዋለሁ። ደንበኛው ሁሉ ሐኪም ነው፤ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጥ ይለኛል፣ አንዷ ጠበል ትለኛለች፣ ከኡኬ የሚመጣው ማር ሻጭ ደግሞ ጣቴን በንብ ላስነድፈው ብሎ በቅን ልብ ለምኖኛል። የሚከብደው መስቀል ሲመጣ ነው።

የኛን መስቀል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከየትም አገር ያለ ልጅ ይገባል። ወንዱ ግንድ ፈልጦ የዓመት ማገዶ ለእናቱ ይከምራል። እናትም ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ቅቤ አፍስሳ ክትፎውን በጣባ ታቀርብለታለች። ያንን ጣባ መግፋት እናትን መግፋት ነው። እኔ በከዘራ ደርሼ፣ ግንድ ሳልፈልጥ፣ ጣባዋንም ገፍቼ ምን ልባል? እንዳልነግራት ደግሞ ሩቅ ናት፣ አርጅታለች፣ ትጨነቃለች። ስለዚህ ቀረሁ። በመጀመሪያው መስቀል ዕቃ ላራግፍ ነው አልኳት። በሁለተኛው በመንገዱ አሳበብኩ። «እሺ» ትለኛለች። እሺታዋ ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ መጣ፤ እሱ ከጣቴ በላይ ያመኝ ነበር።

አሁን ወደ ጓሮው ልመልሳችሁ። ባለፈው መጋቢት እግሬ ትንሽ ሲተወኝ መቆፈሪያ ይዤ ገባሁ። አጥሩ ሥር ስቆፍር የፍየል ጭንቅላት የሚያህል ሥር አገኘሁ። አንጮቴ ነው። አንጮቴን የማታውቁት፣ ወለጋ የሚወደድ ሥራ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ይበላል። አጥንት ይጠግናል እያሉ ለአራስና ለተሰበረ ሰው ያበሉታል። ገበያ ላይ የማውቀው ግን ጡጫ የሚያህለውን ነበር። ይቺ አርጅታለች፣ አዴ አያንቱ ረስተዋታል ማለት ነው አልኩ። አንድ ውለታ ልዋልላቸው ብዬ አባቴ በአምቾ፣ በእንሰቱ ሥር፣ የሚያደርገውን አደረግኩ። እንሰት ሥሩን ሰንጥቀህ፣ ልቡን አውጥተህ፣ ፍግ ጠቅጥቀህ ስትቀብረው ከአንዱ ስንትና ስንት ችግኝ ይፈላል። አንጮቴዋን አራት ቦታ ሰነጠቅኳት፣ ልቧን አወጣሁ፣ ፍግ ጠቀጠቅኩና በአራት ጉድጓድ ቀበርኳት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ምስጋናዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

«አዴ፣ የሚመጣው ዓመት አንጮቴ በሽ በሽ ነው!»

«እንዴት?»

«ያቺን ያረጀችዋን ሰንጥቄ ተከልኳት።»

አዴ አያንቱ የያዙትን ሰፌድ ጣሉ። «ማል ጎቴ! ምን አደረግክ አንተ! እናቲቱን ሰነጠቅካት?» ብለው እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። ለካ እሷ የምትበላ አይደለችም። ከመሬት ሳትወጣ በየዓመቱ አቆጥቁጣ፣ አጥር ላይ ወጥታ፣ ፍሬ የምትሰጥ እሷ ናት፤ ከፍሬው ነው ዘሩ የሚገኘው። «ስዳር ከሲሬ አማቴ ናት የሰጠችኝ። እኔ ስወልድ እሷ ዘር ስትሰጥ ኖረን! እንሰት መሰለችህ?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ካልበቀለች ቤቴን ትለቃለህ!» አሉ። ማታ ግን በሩ ሥር ገንፎ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። የምር ቤቱን እንዳልለቅባቸው በቅቤና በሚጥሚጣ አፌን ሊይዙት ነው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሁለታችንም ጓሮ ነን። መጀመሪያ «በቀለች?» ይሉኛል። አልበቀለችም። ቀጥለው «ሚሊ ኬ አካም?» ይላሉ፣ እግርህ እንዴት ነው ማለታቸው ነው። እሱም ያው ነው። የነቀምቴ ክረምት ሲገባ እንደምታውቁት አይደለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ደንበኛ ምን እንደሚጠይቅ አይሰማም። ሦስቱ ጉድጓድ በሰበሰ። እኔ ሌላ ቤት ማፈላለግ ጀምሬ ነበር። በሰኔ ግን አንድ ጠዋት በአራተኛው ጉድጓድ ላይ አረንጓዴ ነገር፣ የክብሪት እንጨት የምታክል፣ ፍጉን ገፍታ ወጥታለች። ከዘራዬን ጥዬ ጮህኩ። አዴ አያንቱ በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ መጡና አጎንብሰው አዩ። ከዚያ እልል አሉ። ጎረቤት ሚስት አገባሁ መስሎት አጥር ላይ ተሰበሰበ።

መስከረም ሲጠባ ሐረጉ አጥሩን አልፎ ነበር። ፀሐይ ወጣች፣ መሬቱ ጠነከረ፣ ንቡ አበባው ላይ ውሎ ማደር ጀመረ። የኔም ጣት እብጠቱ ጎደለ፤ አንድ ጠዋት ያልተቀደደ ጫማ ሳደርግ ገባልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሱቁ ድረስ ያለ ከዘራ ሄጄ፣ ሰላምታውን ሁሉ በትዕግሥት መለስኩ። ዶክተሩ «እያረፍክ ከሄድክ አገርህ መድረስ ትችላለህ፤ ክትፎውን ግን አደራ» አለኝ። ይኸው እንግዲህ። እግሬ ተፈቀደለት፣ አፌ ተከለከለ። ትኬት ልቆርጥ ሁለቴ መናኸሪያ ሄጄ ሁለቴም የአዶት ጣባ ታየኝና ተመለስኩ።

የመስቀል ዕለት አዴ አያንቱ ሳህን በሳህን ከድነው መጡ። ስከፍተው ክትፎ ነው! ደነገጥኩ። «ብላ፣ ሥጋ አይደለም» አሉ። ከገበያ የገዙትን አንጮቴ ቀቅለው፣ እንደኛ ክትፎ አድቅቀው ከትፈው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ አሽተውታል። የኛ ሰው ለመስቀል ምን እንደሚበላ ገበያ ውስጥ ጠይቀው ኖሯል። በእጄ ጎረስኩ። ዓይኔ ሞላ፤ በሚጥሚጣው አሳበብኩ።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። አዶት ናት። እጄ ቅቤ ስለነበር ድምፁን ክፍት አድርጌ መሬት አስቀመጥኩት። ከኋላዋ ቤቱ በሰው ይንጫጫል።

«ዘንድሮስ ምን ያዘህ?» አለችኝ።

«አዶት፣ ይኼ ሱቅ…»

«ሱቅ አይደለም!» አሉ አዴ አያንቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «እህቴ፣ እግሩ ነው! እግሩን ያመዋል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እለዋለሁ፣ አይሰማኝም!»

አዶት የገበያ አማርኛ ታውቃለች። ከኋላዋ የሚንጫጫውን ሰው «እስቲ ጸጥ በሉ!» አለች። መንጫጫቱም ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ ሰዉ ሁሉ እሷን የሚያይ መሰለኝ።

«እግር?» አለች።

«ሪህ ነው አዶት። ክትፎ ተከልክያለሁ። ጣባሽን ፊትሽ ከምገፋው ብዬ ነው የቀረሁት።»

«ልብህ አይደለም?»

«የምን ልብ?»

«ልቡ ከኔ ራቀ ብዬ… ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት…» ድምፅዋ ተቆረጠ። ስትመለስ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለየኝ ብል ውሸት ነው። ወደ ቤቱ ሰው ዞራ «እግሩ ነው! እግሩ ብቻ ነው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። በሪሁ እልል የተባለለት ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አዴ አያንቱም ነገሩ ሳይገባቸው ከወዲህ አብረው እልል አሉ።

«አሁን ምን እየበላህ ነው?» አለችኝ ረጋ ስትል። ነገርኳት። እንደ እንሰት አምቾ ነው፣ እንዲህ ተከትፎ አልኳት።

«ዘሩን ይዘህልኝ ና» አለች። «ጓሮ እተክለዋለሁ። ላንተ ጣባ እሱን እከትፍልሃለሁ። አንተ ብቻ ደጁ ላይ ቁም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አዴ አያንቱ ተነሥተው ከአጥሩ ላይ አንዲት የቀላች ፍሬ ቀጠፉ። በጣታቸው ፈልጠው ዘሩን አጠቡትና በጨርቅ ላይ አሰጡልኝ። «ለእናትህ ነው» አሉ። «ሥሯን ግን እንዳትሰነጥቀው ንገርልኝ።»

ይኼን ስጽፍ ጨርቁ መስኮቱ ላይ ነው። እግሬ ዛሬ ጫማ ገብቷል፤ ለሚመጣው መስቀል እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ዘሩ ግን ደርቋል።