የአሥር ሰዓቱ ጥሪ

የአውቶቡስ ሹፌሮች ሬዲዮ የሚያሰማውን ሽሽ የሚል ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሌላው ከመመለሱ በፊት ያለውን። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ በሃይ ስትሪት በኩል በአውቶቡስ ወደ ክላስ ስሄድ ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር መጽሐፌን አጥፌ ሰው እስኪመልስ እጠብቃለሁ። ካልመለሰ ማንበብ አልችልም።

ኮሮና ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ዓመት እናቴ ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ቤት ብቻዬን ልትተወኝ ስላልፈለገች ላፕቶፔን ይዤ አብሬያት እሄድና ክላሴን በአሮጊቷ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እከታተል ነበር። ቤቱ የአሮጌ እንጨትና የተቀቀለ ካሮት ሽታ ነበረው። ከቀትር በኋላ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ነበር፤ መጋረጃዎቹም ቢጫ ስለነበሩ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ አይለይም።

አሮጊቷ አሜሪካዊት ናቸው፤ ነገር ግን ገና የመጀመሪያ ቀን በሩን ስንገባ «እንደምን አደራችሁ» አሉን። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ወንጌል ለመስበክ ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው፣ መኪና የማይደርስበት ተራራ ላይ ብዙ ዘመን ኖረዋል። እናቴ «እማማ» ትላቸው ነበር። እኔም እንደሷ።

«ይህቺ ልጅ በአማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች» ይሉ ነበር እኔን እያዩ።

«ምን ላድርጋት እማማ፣ የእርስዎ አማርኛ ከሷ ይሻላል።»

«የኔስ ዝጓል። የሷ ግን ገና ከካርቶኑ አልወጣም።»

ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነበሩ። ከቀትር በኋላ ግን አእምሯቸው ይደክም ነበር። አሥር ሰዓት ሲቃረብ የጓሮው በር አጠገብ ይቀመጡና የቴሌቪዥኑን ሪሞት ወደ አፋቸው አስጠግተው ተራሮችን በየስማቸው መጥራት ይጀምራሉ። ያኔ በየተራራው ተበታትነው የሚኖሩ የሚስዮን ቤተሰቦች በዚያ ሰዓት በመገናኛ ሬዲዮ ይገናኙ ነበር። ሁሉም በየተራው «ደህና ነን» እስኪል ድረስ ማንም ከሬዲዮው አይነሳም፣ ማንም እህል አይቀምስም። እማማም ሁሉንም ጠርተው ሲጨርሱ በመጨረሻ ባላቸውን ይጠራሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ሾርባው ፊታቸው ይቀዘቅዛል።

እየከሱ ሄዱ። መድኃኒታቸው ደግሞ ያለ ምግብ አይወሰድም። ሌላ ስቴት የሚኖረው ልጃቸው በየቀኑ ኮል ያደርግ ነበር። «አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እውነቱን ንገሯት» ይል ነበር። እናቴ አንድ ቀን በቀስታ ነገረቻቸው። መርዶውን ያኔ ገና እንደሰሙት ሆነው አለቀሱ፤ በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ግን ሪሞቱን እንደገና አነሱት። ልጃቸውም «ካልበላች ነርሲንግ ሆም ከማስገባት ሌላ ምርጫ የለኝም» አለ። በዚያ ዓመት ነርሲንግ ሆም የገባን ሰው የሚያዩት ከመስታወት ውጪ ቆመው ነበር።

እማማ ሰምተው ነበር። የእናቴን እጅ ያዙና «ከዚህ ቤት አታውጡኝ» አሉ። «የት ብሎ ያገኘኛል?» ባላቸውን ማለታቸው ነበር።

አንድ ጠዋት፣ እኔ በክላሶቼ መካከል ዕረፍት ላይ ሳለሁ፣ በሙሉ ልቦናቸው ሆነው አጫወቱኝ። በዚያ ተራራ ጉም ሲወርድ ሰዎች ከሸንተረር ሸንተረር ይጠራራሉ። የሰማ ሁሉ መመለስ አለበት፤ መልስ ያጣ ጥሪ ሜዳ ላይ ቀርቶ ይንከራተታል ብለው ያምናሉ። ሰው ጠፍቶ አስከሬኑ ካልተገኘ ደግሞ ቤተሰቡ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ በስሙ ይጠራዋል። ከማዶ አንዲት ልጅ ቆማ ስለ እሱ «ደርሻለሁ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ገብቶ እሳት ያነዳል፣ ይበላል።

ባላቸው በክረምት ማዶ መንደር ሊያስተምሩ እንደወጡ ጉም ዋጣቸው፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም።

«ጎረቤቶቼ ባሌን ሊያስጠሩኝ መጡ» አሉ እማማ። «አንቺን የምታክል ልጅ ማዶ ተሻግራ ቆማ ነበር። እኔ ግን ከለከልኳቸው። ሙታን አይመልሱም አልኳቸው። ልጅቷ እዚያው እንደቆመች ቀረች፣ እኔን እያየች።»

«ኤንድ ዜን?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ቤት ገባሁ። እህል ግን አልወረደልኝም።»

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያሰብኩትን ለእናቴ ነገርኳት። «ሙት መጥራት ነው» አለች። «እኛ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አንገባም።»

«እኔ አልጠራም» አልኩ፤ በአማርኛ። «እመልሳለሁ እንጂ።»

በመኪናው የተከፈተውን መዝሙር ድምፅ ከፍ አደረገችው። አይሆንም ግን አላለችም።

በአቅራቢያው ካለው ወንዝ ጉም ወጥቶ መንገዱን ሁሉ ያለበሰ ቀን ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን እናቴ ሾርባውን አቅርባ የጓሮውን በር ከፈተችው። እኔ ከጋራዡ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፤ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። የእማማ ድምፅ በጉሙ ውስጥ ሲመጣ ከአንዲት ወጣት ሴት የመጣ ይመስል ነበር። የባላቸውን ስም ጠሩ።

«ደርሻለሁ» አልኩ።

«ጉሙ አልከበደህም?» አሉ እማማ።

«አልከበደኝም» አልኩ።

ስገባ ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እማማ ዳቦ በሾርባው እያጠቀሱ ይበላሉ። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። እናቴ ሳህን ማጠቢያው ጋ ጎተተችኝና በሹክሹክታ «‹ደርሻለሁ›ን ለምን ሁለቴ አልሽው?» አለች።

«አንዴ ነው ያልኩት።»

በመስኮቱ ወደ ጓሮው ተመለከተች። ቧንቧውን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም። የጋራዡ ግድግዳ ድምፄን መልሶት ይሆናል። ብዙውን ቀን እንደዚያ ነው የማስበው።

ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ ባላቸውን አልጠሩም። በሉ፤ ነርሲንግ ሆምም የሚባለው ነገር ቀረ። ባለፈው ጸደይ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ፤ እጃቸውን የያዘችው እናቴ ነበረች። ቤቱ ተሸጠ። አዲሶቹ ሰዎች ቢጫዎቹን መጋረጃዎች አወለቋቸው።

በቀደም እናቴ ከካምፓስ ልትወስደኝ ስትመጣ ሳትነግረኝ ወደዚያ መንገድ ታጠፈች። ከቤቱ ፊት ለፊት አቆመችና ወረደች። ሥራ የምትገባበት ሰዓት ተቃርቦ ነበር። ቤቱን አየችና ወደ ማዶው የእግረኛ መንገድ በአገጯ አመለከተችኝ። ገባኝ። ተሻግሬ ቆምኩ።

«እማማ» ብላ ተጣራች፤ በሩቁ ሰው እንደምትጣራ።

«ደርሻለሁ» አልኩ።

ውሻ የሚያናፍስ ሰውዬ ዞር ብሎ አየንና አለፈ። እኔም ወደ መኪናው አልሄድኩም፣ እሷም በሩን አልከፈተችም። እዚያና እዚህ ቆመን ሁለተኛውን ድምፅ ጠበቅን።