አቶ ሰብስቤ ያልሞቱበት ቀን

ወይዘሮ ብርቅዬ አስኮ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበሩ፣ እድሩ ኮምፒውተር ሲገዛ ሁሉም ዞሮ ያየው እሳቸውን ነበር። ታዲዮስ የሚባል የሰፈሩ ልጅ የእድሩን ድረ ገጽ ሠራ። ሰው ሲሞት ማስታወቂያው እዚያ ይወጣል፣ በየአባሉ ስልክም ይደርሳል። ታዲዮስ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ገጹ የሚሠራበትን ኮድ ለወይዘሮ ብርቅዬ አስረከበ።

"በጥቅስ ምልክቶቹ መካከል ያለውን ብቻ ይቀይሩ፤ ሌላውን እንዳይነኩ" አላቸው።

ሌላው ማለት በእንግሊዝኛ ፊደልና በቅንፍ የታጨቀ ረጅም ጽሑፍ ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጠፋች ገጹ ባዶ ይሆናል። ወይዘሮ ብርቅዬ አንድ ቃል በቀየሩ ቁጥር አማትበው ነበር የሚልኩት።

አንድ ማለዳ አቶ ሰብስቤ ደወሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማታቸው፣ የባለቤታቸው የእሙ እናት፣ ብዙ ታመው ማረፋቸውን ነገሯቸው። ወይዘሮ ብርቅዬ "ነፍስ ይማር" ብለው ወደ እድሩ ቢሮ ሮጡ። የአባሉ ስም የሚገባበትና የሟች ስም የሚገባበት መስመር ላይና ታች ነው፤ ቁርጥ መንታ ይመስላሉ። በጥድፊያ ስሞቹን አቀያየሯቸውና ላኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በዋይታ ተናጠ። "ወይኔ ሰብስቤ! ወይኔ ደጉ ሰው!" እያሉ ደረታቸውን የሚደቁ ሴቶች የአቶ ሰብስቤን ግቢ ሞሉት። አቶ ሰብስቤ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ከፊት የነበረችው ሴት ጮኻ ወደ ኋላ ወደቀች።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወንድዬ ስልክ መቱ።

"ብርቅዬ፣ ምን ነካሽ? ሰብስቤን ገደልሽው እኮ! ሰውዬው ቆሞ ለቀስተኛ ያረጋጋል!"

ወይዘሮ ብርቅዬ መልእክቱን ገና ያን ጊዜ ደግመው አነበቡት። እንደ ምንም ለቅሶ ቤት ደርሰው እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ አቶ ሰብስቤ ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው።

"ተይ እንጂ! ማን ማን እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ አየሁ። ይሄን ማን ያገኘዋል?"

ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ ያደሩት እሙ ሳቅ አመለጣቸው። "እማዬ ብትኖር ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው" አሉ። ግቢው በእንባ መሃል ሳቀ። ወይዘሮ ብርቅዬም አብረው ሳቁ።

ሀፍረቱ ግን አልለቀቃቸውም። በእድሩ ስብሰባ ላይ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ "ሌላ ሰው ፈልጉ" አሉ። የአቶ ሰብስቤ የወንድም ልጅ ሔለን ተነሣች፤ ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው።

"እትዬ ብርቅዬ፣ መጀመሪያውኑ ኮድ ውስጥ መግባት አልነበረብዎትም። ትንሽ ይታገሡኝ።"

በሳምንቱ መጥታ ኮምፒውተሩን ከፈተችላቸው። ገጹ ላይ በአማርኛ የሚሞላ ቅጽ አለ፦ የሟች ስም፣ የአባሉ ስም፣ የቀብር ቦታና ሰዓት። አባሉ ከተመዘገቡት ስሞች ይመረጣል። አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ ይቀላና አላልፍም ይላል። ሁሉ ሲሞላ ደግሞ መልእክቱን እንዳለ አሳይቶ፣ "ትክክል ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

"ያ ሁሉ ቅንፍ የት ገባ?" አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ።

"ከጀርባ አለ። እርስዎ ጋ አይደርስም።"

"እሰይ! እዚያው ይቅር!"

ቁልፉን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያረፉት የሌላው የእድሩ አባል የአቶ መኳንንት ታላቅ እህት ነበሩ። ወይዘሮ ብርቅዬ ቅጹን ሞሉ፣ የመጣላቸውን መልእክት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ ላኩ። ማንም አልደወለም። ቀብሩ ላይ ስልካቸውን ቦርሳ ውስጥ ትተው ከሴቶቹ መሃል ቆሙ፤ ሟቿን የሚያውቋቸው ከልጅነት ጀምሮ ነበርና ተረጋግተው አለቀሱላቸው።