አንድ ካቴና ለሁለት ሞተር፦ ከላሊበላ ደሴ ደርሶ መልስ

ሰኞ ንጋት፣ ላሊበላ

ገና ጎህ ሲቀድ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ የጭነት መኪና እጠብቃለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ክንዴ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ብረት ይዣለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ዘነበች የጤና ጣቢያው የክትባት ሠራተኛ ነኝ፤ ለገጠሩ ሥራ አንዲት ዶቅዶቄ ተሰጥታኛለች። ጆንያው ውስጥ ያሉት የሷ ሁለት ባለጥርስ ብረቶች ናቸው፤ ከፊት ትንሿ ፒኞን፣ ከኋላ ትልቁ ኮሮና። ካቴናው የሚዞረው በነሱ ላይ ነው። ጥርሶቹ ተበልተው እንደ ማጭድ ሾለው ጎብጠዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሯ ይጮኻል፣ ካቴናው እየዘለለ ይወልቃል፣ ጎማው አይዞርም። ባለፈው ወደ ብልባላ ስወጣ እንዲሁ ሆና የክትባት ሣጥኑን ተሸክሜ በእግሬ ተመለስኩ። በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። አሁን ደግሞ ብልባላ ኩፍኝ ገብቷል የሚል ወሬ መጥቷል።

ደሴ ያለው የመለዋወጫ መደብር አሮጌውን ሳይረከብ አዲስ አይሰጥም። ስለዚህ ነቅዬ ያዝኩት። ዶቅዶቄዋ የኋላ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ቀርታለች።

የጭነት መኪናው ሾፌር ጋሽ ይመር ከጎኑ አስቀመጠኝና ጆንያውን በዓይኑ መዘነው።

«ምንድን ነው እሱ? የድስት ክዳን ነው?»

«የዶቅዶቄዬ ጥርስ ነው፣ ጋሽ ይመር።»

«ጥርሷን ነቅለሽ እሷን ምን ልታበያት ነው ታዲያ!» ብሎ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ለብቻው ሳቀ።

ኩልመስክ ስንደርስ ነፋሱ የገብሱን ማሳ እንደ ውኃ ያተራምሰዋል። ሻይና ደረቅ ዳቦ ቀመስን። ከዚያ ወዲያ ባለው ኬላ አንድ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና ጆንያውን አስፈታኝ። ጥርሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ይኼማ በግ ያርዳል» አለና አሳለፈን።

ወልድያ አመሻሽ ላይ ገባን።

ማክሰኞ፣ የደሴ መንገድ

አውቶቡሱ ከነዶሮው፣ ከነማር ቆርቆሮው ሞልቷል። መርሳ ላይ ሴቶች ብርቱካን በመስኮት ያቀብላሉ። ሐይቅን ስናልፍ ውኃው ደመና ለብሶ ግራጫ ሆኗል። ደሴ በካፊያ ተቀበለችን። ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አናቱ አይታይም። ያጎቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ረቡዕ፣ ደሴ

መደብሩ የሽቦ መስኮት አለው። ከመስኮቱ በታች ያለው ጣውላ የስንቱ ሰው ክርን እንዳረፈበት እንጃ፣ ለስልሷል። ከወዲያ በኩል ግራጫ ጋዋን የለበሱ አቶ ክፍሌ የሚባሉ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ ከጤና ጣቢያው ያመጣሁትን ደብዳቤ አነበቡና ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«ሾፌሩ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«የሚነዳውን ማለቴ ነው፣ ጓዲት።»

«የምነዳውም እኔ ነኝ።»

ጉርድ ቀሚሴን አዩ፣ ጫማዬን አዩ፣ ከዚያ ጆንያውን ፈቱ።

«ጥርሱ ይኸው አለቀ። ካቴናው የታለ?»

«ካቴናው ትንሽ ረዘመ እንጂ ይሠራል። እዚያው ትቼዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነማ አይሆንም። የሚወጣው ሦስቱ ባንድ ላይ ነው። ሦስት አሮጌ ይገባል፣ ሦስት አዲስ ይወጣል። ደግሞም ያለኝ አንድ ብቻ ነው።»

«ሌላ መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

«አንድ ብቻ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ቦቲ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ረዥም ሰው ነው። ሁሴን ይባላል፤ ጋሸና በእርሻ መሥሪያ ቤት ከብት የሚከትብ። በጨርቅ የጠቀለለውን ዘረገፈው፤ ለሁለት የተበጠሰ ካቴና ነው። የሱ ሞተር ጥርስ በቅርቡ ስለተቀየረ አልነቀለውም።

«ለኔ ይሰጠኝ» አለ። «ደስታ ገብቶ ከብቱ እያለቀ ነው።»

ለማያውቅ ሰው፣ ደስታ የከብት ወረርሽኝ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም።

«እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ብልባላ ኩፍኝ አለ።»

«እህቴ፣ በሬ የሞተበት ገበሬ ልጁን ምን ያበላል?»

«የሞተ ልጅስ ምን ይበላል?»

ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ክፍሌ የምሳ ሰዓት መሆኑን አይተው «ተስማምታችሁ ኑ» ብለው መስኮቱን ዘጉት።

ካፊያው ስላላቋረጠ ሁለታችንም ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ገባን። እሱ አንድ ጥግ፣ እኔ ሌላ ጥግ ተቀመጥኩ። ተናድጃለሁ። ባዶ እጄን ተመልሼ ያችን ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ዶቅዶቄ ሳያት ይታየኛል። ጥቂት ቆይቶ ሁሴን ብርጭቆውን ይዞ መጣ።

«እስቲ ጥርሱን አሳይኝ።»

አውጥቼ ሰጠሁት። ካቴናውን ኮሮናው ላይ አኖረና በምላሱ ጧ አደረገ። «ወላሂ፣ በዚህ ዳገት መውጣትሽ ራሱ ይገርማል።»

የሱን የተበጠሰ ካቴና በኔ ያለቀ ጥርስ ላይ ተጠምጥሞ ሳየው ነገሩ ታየኝ።

«ሁሴን፣ ይኸው ሦስት አሮጌ ብረት። አንተ ጥርስ አያስፈልግህም፣ እኔ ባሮጌው ካቴና እሠራለሁ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

መስኮቱ ሲከፈት ሦስቱንም ጣውላው ላይ ደረደርን። አቶ ክፍሌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ካንድ ሞተር የወጡ አይደሉም።»

«አሮጌ ግን ናቸው» አልኩ።

«አሮጌ ካቴና አዲስ ጥርስ ይበላል፣ ልጄ። ይኼ ክረምቱን አይዘልቅልሽም።»

«እስከ ክረምት ብዙ ቀበሌ እደርስበታለሁ።»

«ማን ይፈርማል? የፈረመው ሰው ተቆጣጣሪ ቢመጣ ሦስቱንም ማሳየት አለበት።»

የሁሴን ደብዳቤ ካቴና ብቻ ይላል። የኔ ነው ሁሉንም የሚጠራው። ያኔ የመንግሥት ንብረት ማጉደል ቀልድ አልነበረም፤ በሱ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ሁሴንን አየሁት። ካወቅኩት ግማሽ ቀን አልሞላኝም። እሱም ፈርሚ አላለኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ።

አቶ ክፍሌ ግራሶ በተቀባ ወረቀት የተጠቀለለውን ዕቃ በመስኮቱ ሥር አሾለኩልኝ። «ሦስቱንም አስረክቤሻለሁ። ከበሩ ውጭ የምትሠሩትን እኔ አላየሁም» አሉ።

ዐርብ፣ ጋሸና

ከሁሴን ጋር ትናንት እስከ ወልድያ በአውቶቡስ፣ ዛሬ ደግሞ በእህል መኪና ላይ ነው የመጣነው። ቻይኖች ያወጡት መንገድ ዞሮ ዞሮ ደጋው ላይ ሲወጣ ጆሮዬ ይደፈናል። ጋሸና የከባድ መኪና ጢስ፣ የሽሮ ሽታና ነፋስ ናት። ሾፌሮች ጋቢ ተከናንበው ከምግብ ቤቶቹ በር ላይ ቆመዋል።

የሁሴን ሚስት ዘሃራ የገብስ ዳቦና ትኩስ ሻይ አቀረበችልን። ዕቃውን እንዴት እንዳገኘነው ስትሰማ ባሏን ትታ እኔን አየች።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

«አዎ።»

«አብሽሪ፤ እዚህ ቤት እያለ ካቴናው አይጠፋም።»

ከምሳ በኋላ ደጅ ላይ አዲሱን ካቴና ገጠምንለት። ከልኩ ረዝሞ ስለነበር የተረፈውን ቆረጠና ከተረፈው ላይ አንዲት ማያያዣ ፈትቶ በመዳፌ አኖራት። «ካንቺ ካቴና ሁለት ዓይን ቁረጭና በዚች አጋጥሚው። ሲጠብቅ አዲሱን ጥርስ ያን ያህል አይበላብሽም» አለኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ጎማው ሲዞር ዓይቶ እንደ ልጅ ሳቀ።

ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና ሲገኝ ሁለቱም ሸኙኝ።

«አላህ ያግራልሽ» አሉኝ።

«እናንተንም ይጠብቃችሁ» አልኩ። ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ስለዚያ ካቴና ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ይህን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ሰኞ ማለዳ፣ ብልባላ

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ጥርሱን ገጥሜ፣ ካቴናውን አሳጥሬ፣ ጎማዋን መለስኩላት። ዛሬ ሣጥኑን ከኋላዬ ጠፍሬ ወጣሁ። ካቴናው በዘለለበት ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ጥርሱ ካቴናውን ነክሶ ያዘ። ድንጋዩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ወጣን። ብቻዬን ጮክ ብዬ «እሰይ!» አልኩ። ሣጥኑን ስዳብሰው ቀዝቃዛ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እናቶችን በዋርካው ሥር ሰብስቧል። ሞተሩን አጥፍቼ ስወርድ አንዲት ሴት ከመካከላቸው ተነሥታ ቀድማ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። የታዘለች ሕፃን አለቻት።

«እንኳን መጣሽ» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለውም። «ወንድሟን ባለፈው ሳምንት ቀበርነው።»

ስለ ጥርሱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ደሴ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «እግዜር ያጥናሽ» ብቻ አልኩ።

«አሜን» አለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ካዘለችበት አወረደች፤ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችላት።

«ይችን ውጊልኝ።»

እጄን ታጠብኩ፣ መርፌውን አዘጋጀሁ፣ ወጋኋት። ልጅቱ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ጮኸች። እናቷ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘቻትና ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች፣ «አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ፤ ድምፅሽን ልስማው» አለቻት።