ወደ ግራና ስንሄድ ያልጠፋው ቴፕ

መርዶ የሚነገረው ቢቻል በማለዳ፣ የግድ ግን በዘመድ መካከል ነው። በስልክ አይነገርም፤ በመንገድም አይነገርም። ሐዘንተኛው የሚደገፍበት ትከሻ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል፤ አርጂው አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ወልድያ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሐዘን የደረሰበት ባልደረባ ሲኖር የምጠራው እኔ ነበርኩ። ቃል አላበዛም፤ ድምፄም አይሰበርም። ጡረታ ስወጣ ጠረጴዛውንና ማኅተሙን አስረክቤ ይህን ኃላፊነት ይዤ ቀረሁ። ማዕረግ አይደለም፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ እቆጥረው ነበር።

ባለፈው ግንቦት አንድ ማለዳ ከመርሳ ወዲያ ካለችው ከግራና ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት በመሥሪያ ቤታችን ለረጅም ዘመን በጸሐፊነት የሠራችው የጎረቤቴ አጎት ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ሌሊቱን በድንገት አርፏል፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። እሷ የደም ግፊት ስላለባት፣ ልጆቿም ሩቅ ስለሆኑ፣ ምንም ሳትሰማ ግራና ድረስ እንዳደርስላቸው አደራ አሉኝ። የአክስቶቿ ልጆች በር ላይ ተቀብለው እንደ ወጉ ያረዷታል። ለጉዞው ምክንያት ይሆን ዘንድ፣ ለእሷና ለወንድሟ ከአባታቸው የቀረውን የመስኖ መሬት ሽማግሌዎች ሊያካፍሏቸው ተቀምጠዋል ተብሎ እንዲነገራት ተስማማን።

የእኔ አሮጌ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣውን ልጄን መኪናውን ጠየቅሁት። የልጄ መኪና አዲስ ናት። ቴፕ በሚቀመጥበት ቦታ እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስታወት አላት፤ የሚጠመዘዝ ነገር የላትም። ካሴት ጎርሶ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የሚተፋ፣ አንዷን ሲጠመዝዟት ቀጭ ብሎ የሚጠፋ ቴፕ ለለመደ ሰው ይህ መስታወት ባዳ ነው። ልጄ ከጥቂት ቀን በፊት ከስልኬ ጋር አገናኝቶልኝ ነበር። «አባዬ፣ ስልክህና መኪናዋ ተዋውቀዋል» ሲለኝ፣ ስልኬ ላይ የጫነልኝን አምባሰል እንድሰማበት መስሎኝ መርቄዋለሁ። ትውውቁ ከዘፈን ያለፈ መሆኑን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጎረቤቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ለወንድሟ የገዛችውን ሹራብ በፌስታል ይዛ ወጣች። ሞተሩን ሳስነሳ ማንም ሳይነካው የሠርግ ዘፈን መኪናዋን ሞላት። ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ልጄ በፍላሽ ሰክቶ ሚዜ ሆኖ ሲዞርበት የከረመው ነው። ደነገጥኩ። በእኛ አገር ሐዘን በደረሰበት ሰው ፊት ዘፈን መክፈት ነውር ነው፤ ጎረቤት እንኳ ሬዲዮውን ይዘጋል። እሷ አታውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። መስታወቱን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነካሁት፤ ካርታ መጣ፤ ከዚያ የመኪናዋ ጀርባ ታየ፤ ዘፈኑ ግን ባሰበት። በመጨረሻ መሪው ላይ ካሉት ትንንሽ ቁልፎች አንዱን ስጫን ድምፁ ጠፋ። ያን ቁልፍ በልቤ ያዝኩት።

እሷም ዝምታውን ወዲያው ታዘበች። ከዚህ በፊት በእኔ መኪና ስትሄድ አምባሰል ያልሰማችበት ቀን የለም።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ዘፈን የለም እንዴ? ወይስ አዲስ መኪና ሲይዙ ኩሩ ሆኑ?»

ጭንቄ ይህ ነበር። ብከፍት ሟቹን መድፈር ነው፤ ባልከፍት ምሥጢሩን ማውጣት ነው። በገና እንዳልከፍት ጾም አይደለም፤ ጥርጣሬዋን ያባብሰዋል። ቴፑን አልቻልኩበትም ብዬ አመካኘሁ፤ ቃሌ እውነትም ስለነበረ ሳልሸማቀቅ ተናገርኩት። እሷም ስቃ፣ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ሥርዓት ያስያዙ ሰው ለአንድ ቴፕ እጅ ሰጡ ብላ ወረፈችኝ። ከዚያ ወሬዋ ወደ ወንድሟ ዞረ።

«መሬቱን ለእኔ ቢተወው እኮ ማንጎ አለብሰው ነበር። እሱማ ጥላ ሥር ተጋድሞ ውኃው ሲያልፍ ነው የሚያየው፤ የኔ ሰነፍ!»

እንዲህ እያለች ሹራቡን ከፌስታሉ አውጥታ ትከሻው ይሰፋው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልኩ ይመስለኛል አልኳት።

ስሪንቃን አልፈን ወደ መርሳ ስንቃረብ ጥሪ መጣ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጩኸቱ ግን የመጣው ከመኪናዋ ከአራቱም ማዕዘን ነው። የአጎቷ ስም በመስታወቱ ላይ በትልቁ ተጽፎ ቆመ። እሷም አየችው። ድምፁን ላጠፋ ያቺን በልቤ የያዝኳትን ቁልፍ ፈልጌ ተጫንኩ። የተጫንኩት ግን ከጎኗ ያለችውን ነበር፤ እሷ ደግሞ ጥሪ መቀበያ ኖራለች።

«ወንድሜ፣ እስካሁን አላወቀችም አይደል? አደራ፣ እኛ ሳንቀበላት ከአፍዎ እንዳይወጣ። ገንዘነው ጨርሰናል፤ ካህናቱም መጥተዋል።»

የሽማግሌው ድምፅ በሬዲዮ ዜና የሚያነብ ያህል ጠርቶ፣ ጎልቶ፣ ከእግራችን ሥር ሳይቀር ወጣ። እኔ «ሃሎ» ማለት እንኳ አልቻልኩም። እሳቸውም መልስ ሲያጡ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ዘጉት። ጥሪው ሲያበቃ ደግሞ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ፤ የሠርጉ ዘፈን፣ ከነእልልታው። ከመንገዱ ወጥቼ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ዘፈኑ አልጠፋም። የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ በእጄ ያዝኩት፤ ዘፈኑ አሁንም ይዘፍናል። እሷ ሹራቡን እንደ ዘረጋችው መስታወቱን ትመለከታለች፤ ስሙ የነበረበትን ቦታ።

«ጋሼ፣ ማንን ነው የገነዙት?» አለችኝ፤ በዝግታ፣ ሰው ሰዓት እንደሚጠይቅ።

በሩን ከፍታ ወረደች። በሩ ሲከፈት ዘፈኑ እልም ብሎ ጠፋ። ለካ የሚጠፋው በበሩ ነው።

መንገዱ ዳር የመርሳ ሴቶች ፓፓያና ማንጎ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። እሷ ጥቂት ተራምዳ አፈሩ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ አወጣች። ሴቶቹ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ዕቃቸውን ጥለው መጡ። አንዷ ከጀርባ አቀፈቻት፤ ሌላዋ ጫማዋን አወለቀችላት፤ ሦስተኛዋ ውኃ ይዛ ፊቷን አበሰችላት። ትልቅየዋ ወደ እኔ ዞር ብለው ማን ሞቶባት እንደሆነ ጠየቁኝ። ወንድሟ ነው አልኳቸው።

«ምነው አባቴ፣ ታዲያ ብቻዋን አረዷት?»

መኪናው ነው ልላቸው ከጅሎኝ ዋጥኩት።

ሴትዮዋ የወንድሟን ስም ከጎረቤቴ ጠይቀው ያን ስም በሙሾ አስገቡት። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ሰውየውን አይተውት አያውቁም፤ ሆኖም በስሙ ደረታቸውን መቱለት። እኔ መኪናዋ አጠገብ ቁልፉን እንደ ጨበጥኩ ቆሜ ነበር። ልቅሶው ጋብ ሲል ትልቅየዋ የጎረቤቴን ነጠላ በወገቧ ላይ እንደ ሐዘንተኛ አደግድገው አሰሩላትና ከነሐዘኗ አስነሥተው አስረከቡኝ።

ከዚያ እስከ ግራና፣ ዘፈኑ በበሩ ይጠፋል ብዬ በሩን በደንብ ሳልዘጋ፣ መስታወቱን በሹራቡ ሸፍኜ ነዳሁ። ሹራቡን የሰጠችኝ እሷ ራሷ ናት። ዘፈኑ ከሹራቡ ሥር ደጋግሞ ሊነሣ ሞከረ፤ ያቺን የመሪውን ቁልፍ፣ ይህን ጊዜ ትክክለኛዋን፣ እየተጫንኩ ደረስን። መኪናዋን ወደ ግቢው አላስጠጋኋትም፤ መታጠፊያው ላይ ትቻት በእግር ሄድን።

አጎቷ ከነተቀባዮቹ በር ላይ ነበሩ። ነጠላዋን አይተው ቀጥ አሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። ማን ነገራት ብለው ጠየቁ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«መርሳ መግቢያ ላይ ሴቶች ናቸው ያረዱኝ። ይዘውኝ ነበር፤ እንደ ወጉ ነው ያረዱኝ።»

ሽማግሌውም ትከሻዬን ይዘው አደራዎን ተወጡ አሉኝ። በአገልግሎት ዘመኔ ምስጋና ተቀብያለሁ፤ ያኛውን ግን የት እንደማስቀምጠው እስካሁን አላውቅም። እሷ ሹራቡን ይዛ ገባች።

ከቀብር መልስ መኪናዋን እዚያው ትቼ በሚኒባስ ወደ ወልድያ ገባሁ። ልጄ መኪናዋ ተበላሽታ እንደሆነ ሲጠይቀኝ አልተበላሸችም፤ ሂድና አምጣት፤ ስትመለስም ከስልኬ ለያይልኝ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ለመርዶ ተጠርቻለሁ። ቤቱ ከከተማው ጫፍ ነበር። ስልኬን ለባለቤቴ ትቼ በእግሬ ሄድኩ።