ዋስ ስል የዋልኩበት ቀን

ትናንት አንዱ የክፍላችን ልጅ የሁለት ጓደኞቹን የኩታ ጫፍ ከኋላቸው ቋጥሮ ክፍሉን ሁሉ አሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የኩታ ጫፍ ተቋጥሮ ባየሁ ቁጥር ቆዳና ሰም ይሸተኛል፤ ልጅ ሆኜ አራዳን ስዞር የዋልኩበት ቀን ይመጣብኛል።

አባቴ ከላስታ የመጣ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ካለችው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጦ ሲሰፋ እኔ ክሩን በሰም አሽለት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ነጋዴ በቅሎውን እየጎተተ መጣ።

«ኮርቻህ በቅሎዬን አስገጠባት! ጀርባዋ እንዴት እንደቆሰለ እየው!»

«እኔ ኮርቻ እንጂ ጭነት አልሰፋሁም» አለው አባቴ።

ሰው ተሰበሰበ። እንደዚያ ዘመን ልማድ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ዳኛ ሆነው ተቀመጡና ሁለቱንም «ዋስ ጥሩ» አሏቸው። የነጋዴው ዋስ ወዲያው ከሰዉ መካከል ብቅ አለ። አባቴ ግን በከተማው ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ እንዳይሸሽ የኩታውን ጫፍ ከነጋዴው ኩታ ጋር ቋጠሩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋስ ካላገኘ እስር ቤት ማደሩ ነው።

እናቴ አራስ ስለነበረች ከቤት አትወጣም። አባቴ እኔን ጠራኝ። «ወደምታውቀው በር ሁሉ ሂድና ‹ዋስ ሁኑን› በል። ሌላ እንዳትለፈልፍ! የቤታችንን ጉዳይ ሰው አይስማው።»

ሄድኩ። ጨርቅ ሻጩ «ሱቁን ለማን ትቼ?» አለኝ። ጠላ ሻጯ እትዬ ብርቄ «ባለቤቴ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላው ከውስጥ ሆኖ «ማነው?» አለና «ዋስ» ስል ጊዜ በሩን ቀረቀረው። እንዳላለቅስ ብዬ በየመንገዱ «ዋስ፣ ዋስ፣ ዋስ» እያልኩ እሮጥ ጀመር። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ የተቀመጡ የአራዳ ጎረምሶች ሰሙኝ።

«ማሙሽ፣ ዋስህ በቁና ስንት ነው?» አለ አንዱ።

«ተወው ባክህ፣ የዘንድሮ ዋስ ነቅዟል!» አለ ሌላው። ሳቃቸው ድልድዩን እስክሻገር ተከተለኝ።

ቃሉ የተበላሸብኝ እዚያ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ እንደተረሳ ቆዳ ልፍስፍስ አለብኝ። ዋስ። ምንድን ነው ዋስ? ሰው ነው? የሚበላ ነው? ደግሜ ብለው ይመለስልኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ባሰበት። ጠዋት ከአባቴ አፍ በደህና የተቀበልኩትን ቃል ማን ወሰደብኝ?

እሪ በከንቱ ሰፈር ስደርስ አናጢው ጋሼ ደስታ ደጃቸው ላይ ሳንቃ ይልጉ ነበር። ከአባቴ ጋር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የላቸውም። ፊታቸው ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ምን ፈለግህ አንተ?»

መላጊያቸው ላይ አፈጠጥኩ።

«አንተን እኮ ነው! ድዳ ነህ እንዴ?»

«አባዬን ከሰውዬው ጋር ቋጥረውታል» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። «ቁርስ እንኳ አልበላም። እማዬ አራስ ናት፤ እንጨት የሚፈልጥላት የለም። ሊመሽ ነው።»

መላጊያቸውን አስቀምጠው ኩታቸውን አነሡ። «ታዲያ ይህን ትተህ ምን ስትል ዋልክ?»

አብረውኝ መጥተው ዳኛው ፊት ቆሙና «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ፤ አንዴ ብቻ። ቃሉ በእሳቸው አፍ ሙሉ ነበር። ቋጠሮው ተፈታ። አባቴ ግን ቤት ስንደርስ «አንድ ቃል ብሰጥህ እሱን ጥለህ የአራስ ቤቴን ወሬ ለአገር ትበትናለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። የጠፋው ቃሉ ራሱ እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። «ቃል ደግሞ እንዴት ይጠፋል?» አለኝ።

ዘንድሮ መምህራችንን ቃል ሲደጋገም ለምን እንግዳ እንደሚሆን ጠየቅኋቸው። «ጆሮ ሰልችቶት ነው» ብለው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ይሁን። ግን ያን ቀን፣ አባቴ ተቋጥሮ ሳለ፣ ጆሮዬ እንዲሰለች ማን ፈቀደለት?

ዛሬ አራዳ ላይ ኩታ ለኩታ የሚቋጠር ሰው እምብዛም አይታይም፤ ዋስም በወረቀት ላይ ይፈርማል። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ኮርቻ መስፋት ትቷል። እኔም ትናንት ልጆቹ ስቀው ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁና ቃላትን እየደጋገምኩ ሞከርኳቸው። መስኮት። ዳቦ። ድልድይ። ሁሉም ተራ በተራ ተበላሹ። «አባዬ» ላይ ስደርስ ግን አንዴ ብዬ አፌን ዘጋሁ።