ባንኮኒ ላይ የቆጠርኩት ገንዘብ

ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ከተማሪዎቼ መሐንዲስ የሆኑ አሉ፤ ያን ጊዜ እኔን አልሰሙኝም ማለት ነው። እኔ ራሴ በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ሳልሳሳት ቆጠርኩ። እሱንም መቆጠር በማይገባው ቦታ።

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ዘይት፣ ጨውና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ ወዳጅ ነበረኝ። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ገበሬ ልጅ ነው። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ በዒድ እሱ ቤት ለእኔ ሽሮ ይሠራል፣ በፋሲካ እኔ ቤት ለእሱ። ሽሮ በመብላት በዓል ስናከብር አረጀን።

በሱቁ ጓዳ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበረች። ከወር ወጪው የተረፈችውን ብር ሰው በጨርቅ ቋጥሮ እዚያ ያስቀምጣል፤ ገበሬውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ከገዳሙ የሚመጡት አባም። አማና ይባላል፣ አደራ እንደማለት። ወዳጄ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ደረሰኝ አይጽፍም፤ እያንዳንዱ የራሱን አቋጠር ያውቃል። የእኔ ጨርቅ የሟች ባለቤቴ የሻሽ ቁራጭ ነበር፣ ጠርዙ አረንጓዴ። ሕጉ አንድ ነው፦ ቋጠሮህን ተቀብለህ ቤትህ ሄደህ ትፈታለህ። ያስቀመጠልህ ሰው ፊት ከቆጠርክ ሌባ ብለኸዋል። አፍህ ዝም ቢልም ጣትህ ተናግሯል።

ከዚያ የስልክ ገንዘብ መጣ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ሱቅ ከፈተች፤ ሳሙናና ብስኩት ትሸጣለች፣ ጎን ለጎን ስልክ ላይ ብር ትሞላለች። ብሩን ትሰጣታለህ፣ ስልክህ ጢው ይላል፣ አለቀ። ስኳር በስልክ፣ መብራት በስልክ፣ ውጫሌ ላለችው ልጄ መላክም በስልክ። ጡረታ የወጣ መምህር ዘመን ጥሎት ሄደ መባልን አይወድም። ስልኬን ከፍ አድርጌ ይዤ ገባሁ።

«ስንት ይሞላልዎ አባባ?»

«ያለኝን ሁሉ!»

«ያለዎት ስንት ነው?»

አላውቀውም። የሂሳብ መምህሩ!

«ቆጥረው ያምጡልኛ፤ ቶሎ ይበሉ፣ ለምሳ ልዘጋ ነው።»

መንገዱን ተሻግሬ ወዳጄን አማናዬን ጠየቅሁት። አወጣልኝ። ቤቴ ሩቅ ነው፣ ሴትዮዋ ልትዘጋ ነው፣ እኔ ደግሞ ጢው እንዲልልኝ ቸኩያለሁ። ቋጠሮዬን እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈታሁት። ጣቴን በምራቄ እያራስኩ፣ ሦስተኛ ክፍል የማስተምር ይመስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩ። ሦስት ገበያተኞች ቆመዋል። ወዳጄ ስኳር እየሰፈረ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔ ልበ ዕውሩ በዚህ አላቆምኩም። ስጨርስ ፈገግ ብዬ፣

«ልክ ነው! አንዲት ብር አልጎደለችም!» አልኩት፣ ማርክ እንደሚሰጥ መምህር።

«ደግ ነው ወንድምዋ» አለ። «አላህ በረካ ያድርግልህ።»

ወደ ስኳሩ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ዱካውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ተቀመጥ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ዱካው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ምን እንዳደረግሁ መንገዱ መሀል ላይ ስደርስ ገባኝ። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ሲበድል «አፉ በለኝ» ይላል፤ ሁለት ቃል ናት፣ ትርፍ ምራቅ አትጠይቅም። ተመልሼ ልለው ዞር ስል ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋብኝ፤ ወደ ኋላ በመመለስ ፈንታ ወደ ፊት ዘለልኩ። ብሩን ለሴትዮዋ ሰጠሁ፣ ስልኬ ጢው አለ።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ዘመናዊ ሆነ። ዓይኔ የስልኩን ጽሑፍ ስለማያይ ሴትዮዋ የቀረኝን ብር ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ ሰፈሩ አብሮኝ ይሰማል። ድሮ ገንዘቤ ያለበትን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ስንት እንደሆነ አያውቅም። የስልኩን ሚስጥር ቁጥር በቅሎ የገዛሁበትን ዓመት አደረግሁት፤ በኋላ ዓመቱ ጠፋኝ። ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ስልኩ ሲቆለፍብኝ፣ ወዳጄ ሰምቶ ይስቅብኛል ብዬ በሱቁ ፊት ማለፍ ተውኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደማይስቅብኝ ስለማውቅ ነው የተውኩት። በሐይቁ ዳር ዞሬ እሄድ ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ።

ከመስከረም በኋላ ወዳጄ ልጁን ልኮ አስጠራኝ። ታሞ ቤቱ ተኝቷል። መንገዱን ሙሉ «አፉ በለኝ፣ አፉ በለኝ» እያልኩ እንደ ተማሪ ተለማመድኩ። በሩ ላይ ስደርስ፣

«ግባ እንጂ! ስልኩም ይግባ፣ አይፈር» አለኝ።

ከስቷል። ከትራሱ ሥር አንዲት ጨርቅ አወጣ፤ ጠርዟ አረንጓዴ። ያን ቀን ባንኮኒው ላይ ጥያት የሄድኩት ነች። አሳጥቧታል፤ ልክ በእኔ አቋጠር ቋጥሯታል።

«ሳጥኑን ለልጆቼ ሳስረክብ ይቺ ተገኘች። አማናህ ነው፤ ቁጠረው።»

ፈታኋት። ባዶ ናት። አሁን ነበር ጊዜው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ቀልድ ቀደመው።

«አንድ ጎድሏል!» አልኩት።

ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ሳሉ ሲለቀው ዓይኔን አየና ቀስ ብሎ፣

«ምንድን ነው የጎደለው?» አለኝ።

በሩን ከፈተልኝ ማለት ነው። እኔም አውቄዋለሁ። አፌ ግን የለመደውን አደረገ።

«ወለዱ!»

«አይ አንተ፣ ወለድ ሐራም ነው» አለና ፈገግ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ሐሙስ እመጣለሁ» ብዬው ወጣሁ። ሐሙስ የምናገረውን አውቄ ነበር።

ረቡዕ ቀበርነው። አፈር ከመልበሱ በፊት ልጁ ቆሞ፣ «አባቴ የበደላችሁ ካላችሁ አፉ በሉት» አለ። ሰዉ ሁሉ «አፉ ብለናል» አለ። እኔም አልኩ። አንድም ቀን ሳይበድለኝ የኖረውን ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ይቅር አልኩት። የእኔን በደል የሚጠይቅ ማንም አልነበረም፤ ከእሱ በቀር አፉ የሚለኝም የለም።

አሁንም ስልክ ላይ አስሞላለሁ፤ ልጄ ውጫሌ ትጠብቃለች። ብሩን በዚያች ጨርቅ ቋጥሬ ነው የምሄደው። ሴትዮዋ «ስንት ነው አባባ?» ስትለኝ ወዲያው እነግራታለሁ፤ ቤቴ፣ በሬን ዘግቼ ቆጥሬዋለሁ።